ዳዶ ስትገዙ "ይገባል" አይበቃም

መርካቶ ብሎን ስትገዙ ባለሱቁ ስለ ብሎኑ ሁሉንም ይጠይቃችኋል። ውፍረቱ ስንት? ርዝመቱ ስንት? ጥቁሩ ወይስ ነጩ? ብሎኑ ጫፍ ላይ እየዞረ የሚያስረው ዳዶ ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው ያልቃል። ከኋላው ካለው ጆንያ በእፍኙ ዘግኖ ሚዛኑ ላይ ያፈሰዋል። "ይገባል፣ አታስቡ" ይላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የብረት ስትራክቸር መግጠም ከጀመርኩ 16 ዓመቴ ነው። ዕቃ አቀባይ ነበርኩ፣ ገጣሚ ሆንኩ፣ አሁን ፎርማን ነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ ላይ ተበጥሶ ያየሁት ብሎን በጣት የሚቆጠር ነው። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ የተላጨ ዳዶ ግን ስንት እንዳየሁ ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ዳዶ ብቻ ነው። የሼድ፣ የመጋዘን፣ የታንከር ማማ ሥራ ለምትሠሩ ልጆች፣ የራሳችሁን ግንባታ ለምትከታተሉም ጭምር።

መጀመሪያ የዱከሙን ልንገራችሁ።

ከዱከም ወጣ ብሎ አንድ መጋዘን እየገጠምን ነበር። ሐምሌ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየመጣ ሥራ ያስቆመናል። ጠዋት ላይ አግዳሚውን ከቋሚው ጋር እናስራለን። ብሎኑ ኤም 20 ነው፣ ማለትም ውፍረቱ 20 ሚሊ፣ የጥንካሬ ቁጥሩ ደግሞ 8.8። መጨረሻ ላይ 12 ብሎን ጎደለን። ክሬኑ በሰዓት የሚከፈልበት ስለሆነ አንድ ልጅ በሞተር ተልኮ ገዝቶ መጣ። ዳዶ በሳጥናችን ተርፎን ስለነበር ብሎኑን ብቻ ነው ያመጣው። በእጅ ሲያስገቡት ዳዶው ሰተት ብሎ ገባ። ማንም ምንም አላለም።

ማጥበቅ ሲጀመር ከላይ ያለው ልጅ "ይሄ አልጠብቅ አለ" ብሎ ጮኸ። ወጣሁ። ቁልፉ ይዞራል፣ ዳዶው ይዞራል፣ መጨረሻ የለውም። ፈትተን ስናወርደው ከዳዶው ውስጥ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ ወጣ። ፀጉር የሚያክል፣ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጠቀለለ የብረት ክር። የዳዶው ጥርስ ጫፍ ተላጭቶ ነው። ካሊብሮ አውጥቼ የብሎኑን ውፍረት ለካሁ። 19 ሚሊ። ልጁ የገዛው የሦስት አራተኛ ኢንች ብሎን ነበር።

ያስደነገጠኝ ግን እሱ አይደለም። 12ቱንም ስንፈትሽ እስከ መጨረሻው የዞሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ዘጠኙ "ጠብቀዋል"። ቁልፍ ሲያርፍባቸው ይይዛሉ፣ ከታች ለሚያያቸው ከሌላው አይለዩም። አንዱ ባይጮህ ኖሮ ጣሪያውን አልብሰንበት እንወርድ ነበር።

ለምን እንደሚገባ ላስረዳችሁ፣ ይሄን ማወቅ ብዙ ያድናል። ሦስት አራተኛ ኢንች ማለት 19.05 ሚሊ ነው። ጥርሱ በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ነው፣ ስለዚህ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 2.54 ሚሊ ይሆናል። የኤም 20 ጥርስ ደግሞ 2.5 ሚሊ ነው። ልዩነቱ የሚሊ አራት መቶኛ ብቻ! ጥርሶቹ መንገድ ስለሚገጥምላቸው ምንም ሳይነክስ ይሄዳል። ነገር ግን ብሎኑ አንድ ሚሊ ያህል ስለሚቀጥን ጥርስ ከጥርስ የሚያያዘው ጫፍ ለጫፍ ነው። የግማሽ ኢንቹ እንኳን ይሻላል። የኤም 12 ብሎን ላይ ብታስገቡት ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል። የሚነክስ ዳዶ ቢያንስ ይናገራል። ሰተት ብሎ የሚገባው ነው አደገኛው።

መለየት ቀላል ነው። ሚሊ የሆነ የስትራክቸር ብሎን ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር አለው፣ 8.8 ወይም 10.9። የኢንች ብሎን ብዙ ጊዜ ከመሐል ወደ ዳር የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ናቸው ያሉት፣ ሦስት ወይም ስድስት። የስትራክቸሩ ከሆነ ደግሞ በላቲን ፊደል ኤ 325 የሚል ይጻፍበታል። ዳዶውን በቁልፍ ሞክሩት። የተለመደው ኤም 20 ዳዶ 30 ቁጥር ቁልፍ ልክክ ይልበታል። የሦስት አራተኛው ተራ ዳዶ 28.6 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ውስጡ ይጫወታል። ለስትራክቸር የሚሠራው ወፍራሙ ደግሞ 31.75 ስለሆነ ቁልፉ አይገባበትም። የጥርስ መለኪያው ማበጠሪያ መሣይ መሣሪያ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፣ 2.5ን ከ2.54 በዓይን መለየት ይከብዳል። ካሊብሮ ያዙ። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ካሊብሮ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ጥንካሬው እንሂድ። ብሎኑ ላይ ያለው 8.8 ሁለት ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው 8 ብሎኑ ሳይበጠስ በካሬ ሚሊ 800 ኒውተን ይችላል ማለት ነው፣ በእኛ አነጋገር 80 ኪሎ ገደማ። ከነጥብ በኋላ ያለው 8 ደግሞ ከዚህ 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ተስቦ እንደማይመለስ ይነግራችኋል። የኤም 20 ብሎን ጥርሱ ያለበት ቦታ 245 ካሬ ሚሊ ነው። አባዙት። አንድ ብሎን ሊበጠስ 20 ቶን ገደማ ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው የት ነው? ዳዶው ውስጥ ባሉት ጥቂት ጥርሶች ላይ። እኩልም አይካፈሉትም። ከብረቱ በኩል ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ሲሶ ያህሉን ይሸከማል።

ዳዶው አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። 5፣ 6፣ 8፣ 10 ወይም 12። ደንቡ አጭር ነው፣ የዳዶው ቁጥር ከብሎኑ የመጀመሪያ ቁጥር ጋር እኩል ይሁን ወይም ይብለጥ። ለ8.8 ብሎን 8 ዳዶ። ለ10.9 ብሎን 10 ዳዶ። 8.8 ላይ 10 ብታስሩ ጉዳት የለውም። 10.9 ላይ 8 ብታስሩ ግን ብሎኑ ውድ የሆነበትን ምክንያት ጣላችሁት።

የዳዶው ቁጥር ከብሎኑ ማነስ የሌለበት ለምንድን ነው? ይሄን የሠሩ ሰዎች ሆን ብለው ነው። ጭነቱ ከልክ ካለፈ ብሎኑ እንዲበጠስ፣ የዳዶው ጥርስ እንዳይላጭ ነው የፈለጉት። ብሎን ሲበጠስ ይጮኻል። ከመበጠሱ በፊትም ይሳባል፣ ይታያል። ጥርስ ግን ቀስ እያለ ነው የሚላጨው፣ ያውም ስታጠብቁት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ዳዶው ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ታዩታላችሁ። ውስጡ አልቋል። የዱከሞቹ ዘጠኝ ዳዶዎች እንደዚያ ነበሩ።

ቁጥሩ ከላይ ፊቱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ይገኛል። አንዳንዱ ዳዶ ቁጥር ሳይሆን አንድ ነጥብና አንድ ሰረዝ አለው። እሱ የሰዓት ምልክት ይባላል። ነጥቡን 12 ቁጥር ቦታ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። ሰረዙ የሰዓቱ ፊት ላይ 8 በተጻፈበት ቦታ ከዋለ ዳዶው 8 ነው፣ 10 በተጻፈበት ከዋለ 10 ነው። በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት። ትንሿ ዘንግ 8 ላይ ስትደርስ እኛ "ሁለት ሰዓት" ነው የምንለው። አንድ ጎበዝ ልጅ በዚህ ተሳስቶ 8 ቁጥሩን ዳዶ በሙሉ "2 ቁጥር ነው፣ አይሆንም" ብሎ ሲያስቀምጥ አግኝቼዋለሁ። ቢሳሳትም ማየቱን ወደድኩለት።

በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ፣ 04 ወይም 05፣ ያ ስስ ዳዶ ነው። ሙሉ ጭነት አይሸከምም። ምንም ያልተጻፈበት ዳዶ ደግሞ ለአጥር፣ ለበር፣ ለጠረጴዛ ይሁን። ቤት ላይ አትስቀሉት። ምናለሽ ተራ ያሉት ባለሙያዎች ከወዳደቀ ብረት የሚፈጥሩትን ነገር አከብራለሁ፣ ራሴም ብዙ መሣሪያ ከዚያ ገዝቻለሁ። ያገለገለ ዳዶ ግን ለጣሪያ ተሸካሚ አልገዛም። ምን ያህል እንደተሳበ ማንም ሊነግረኝ አይችልምና።

ቁመቱንም ለኩ። ይሄን ብዙ ገጣሚ አያውቀውም። ገበያ ላይ በብዛት ያለው የድሮው የጀርመን መለኪያ ዳዶ ነው፣ ዲን 934። የኤም 20 ቁመቱ 16 ሚሊ ነው። የአሁኑ ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ አይሶ 4032፣ 18 ሚሊ ድረስ ያደርሰዋል። በኤም 16 ደግሞ 13 እና 14.8 ነው። ቁመት ማለት የጥርስ ብዛት ነው፣ አጭሩ ዳዶ የተጻፈበትን ቁጥር ሙሉ በሙሉ ላይሸከም ይችላል። ለዚህ ነው በድሮው መለኪያ የተሠራው ዳዶ ላይ 8 በሁለት ቋሚ መስመሮች መሐል የሚጻፈው። 8 ብቻውን ከቆመ አንድ ነገር ነው፣ ግራና ቀኙ መስመር ካለ ሌላ ነገር ነው። ድሮዊንጉ አይሶ 4032 ካለ በዲን 934 አትተኩ። መሐንዲሱን ጠይቁ።

ነጩ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የወጣ ብሎን ጥርሱ ላይ የሚሊ አምስት መቶኛ ገደማ ልባስ ይይዛል። በሁለቱ ጎን ሲደመር ተራ ዳዶ አይገባበትም። ስለዚህ የነጩ ዳዶ ጥርስ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚወጣው፣ ብዙ ጊዜም ዚንክ ከተነከረ በኋላ። ውስጡ ዚንክ የለውም ብላችሁ አትደንግጡ፣ የብሎኑ ዚንክ ይጠብቀዋል። ሰፋ መደረጉን ለማሳየት ዜድ ወይም ኤክስ የሚል የላቲን ፊደል ይጻፍበታል። አሁን ይሄን ሰፊ ዳዶ ጥቁር ብሎን ላይ አስሩት። ሰተት ይላል። የዱከሙን ታሪክ በሌላ መንገድ ደገማችሁት። ጥቁር ዳዶ ነጭ ብሎን ላይ አልገባ ሲል ደግሞ ጥርስ ማውጫ አምጥቶ ዳዶውን የሚያሰፋ ባለሙያ አይጠፋም። አታስደርጉት። ፋብሪካው ሲያሰፋ ጥንካሬውን አስልቶ ነው፣ እኛ በእጃችን ስናደርገው ስንት እንደላጨን አናውቅም። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ከአንድ አምራች።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተራው እስር ነው። ድሮዊንጉ ላይ ብሎኑ በልኩ ተስቦ ይታሰር የሚል ካለ፣ ማለትም ሁለቱን ብረቶች ጨምድዶ እንዲይዝ የሚፈለግ ከሆነ፣ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ዳዶ ብቻውን አይገዛም። ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ (ከሥር የሚገባው ቀለበት) አንድ ቤተሰብ ሆነው ነው የሚመጡት። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ መሠረቱ የአውሮፓው ስለሆነ ድሮዊንጋችሁ ላይ ኤችአር ወይም ኤችቪ የሚሉ የእነዚህ ቤተሰቦች መለያ ፊደላት ልታገኙ ትችላላችሁ። ፊደሎቹ ብሎኑም ዳዶውም ላይ አሉ። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የኤችቪ ዳዶ አጭር ነው፣ በኤም 20 ቁመቱ 16 ሚሊ፣ ቁልፉም 32 ነው። የኤችአሩ ረዥም ነው። ከቻይና ተሠርተው በሚመጡ ሼዶች ላይ ደግሞ ብሎኑ 10.9ኤስ፣ ዳዶው 10ኤች ይላል። እሱም የራሱ ቤተሰብ ነው። ከሌላው ጋር አታጋቡት።

የእነዚህ ዳዶዎች ቅባት የዳዶው አካል ነው። ይሄን የተማርኩት ገንዘብ ከፍዬ ነው። አንድ ሥራ ላይ የኤችቪ ዳዶ መጣልን፣ ጥቁርና ቅባታም ነው። አንድ ትጉህ ልጅ ሳይነገረው ማታ ቆይቶ ሁለት ሳጥን ዳዶ በናፍጣ አጠበ። ጠዋት ስመጣ ላሜራ ላይ ተሰጥተው እያብረቀረቁ ጠበቁኝ። ልጁ ደስ ብሎት ቆሟል። ልቤ ተሰበረ። ቅባቱ ከሌለ የቁልፉ ጉልበት ብሎኑን በመሳብ ፋንታ ግጭት ላይ ነው የሚያልቀው። ጉልበት የሚለካው ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንቹ፣ ልክ ደርሷል ይላል፣ ብሎኑ ግን አልተሳበም። በገበያ ግሪስ መተካትም አይቻልም፣ ያኔ ደግሞ ከልክ በላይ ይሳባል። ሁለቱንም ሳጥን ለአጥር ሥራ መድበን አዲስ አዘዝን። ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። እስከ ልኩ ተስቦ የተፈታ ብሎንና ዳዶም በዚህ ዓይነት እስር ላይ ዳግመኛ አይታሰርም። አዲስ ነው የሚገባው።

ንዝረት ያለበት ቦታስ? የክሬን ሐዲድ፣ የጄኔሬተር መቀመጫ፣ የወፍጮ ፍሬም። በልኩ የተሳበ እስር ካልሆነ ዳዶው እንዳይፈታ መላ ያስፈልጋል። ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከ120 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም። አጠገቡ ብየዳ ካለ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እናንተም አታዩትም። ሁለት ዳዶ የምትደርቡ ከሆነ ስሱ ከሥር፣ ወፍራሙ ከላይ ነው። አብዛኛው ሰው ገልብጦ ነው የሚያስረው፣ ምክንያቱም ስሱ ከላይ ሲሆን ለዓይን ያምራል። የላይኛው ሲጠብቅ ጭነቱን የሚወስደው እሱ ስለሆነ ሙሉው ዳዶ ከላይ መሆን አለበት። ዳዶውን በብየዳ ማስነካት ግን ተዉት። 10 ቁጥር ዳዶ፣ ከኤም 16 የሚበልጠው 8 ቁጥርም፣ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተሰጠው እሳት ነው፣ የብየዳው እሳት ያን ያበላሸዋል። በነጩ ላይ ደግሞ የዚንኩ ጭስ ለበያጁ ሳንባ መጥፎ ነው።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ከጆንያ ሳይሆን ከሳጥን ግዙ፣ ሳጥኑ ላይ መለኪያው፣ ቁጥሩና የምርት ቁጥሩ የተጻፈበት። ሰርተፊኬቱን ጠይቁ፣ የምርት ቁጥሩ ከሳጥኑ ጋር መግጠሙን እዩ። ከየሳጥኑ አምስት ስድስት ዳዶ አውጥታችሁ በራሱ ብሎን ላይ በጣት ብቻ እስከ ጥርሱ መጨረሻ አስኬዱት። ሳይነክስ መሄድ አለበት። ከዚያ መሐል ላይ አቁማችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው። ከልክ በላይ ከተላወሰ መልሱት። ትርፍ ግዙ። እኔ ከመቶ አምስት እጨምራለሁ፣ ምክንያቱም የዱከሙ ጣጣ የመጣው ከጉድለት ነው። ሰው ሲጎድለው ያገኘውን ነው የሚያስረው።

ስታስሩ የዳዶው ቁጥር ወደ ውጭ ይሁን፣ ተቆጣጣሪው ቁልፍ ሳያነሳ እንዲያነበው። የብሎኑ ጫፍ ከዳዶው ቢያንስ አንድ ሙሉ ጥርስ ወጣ ይበል። ከዳዶው በታች፣ ጥርስ ከሌለው የብሎኑ ክፍል በፊት፣ ደግሞ ቢያንስ አንድ ነፃ ጥርስ ይቅር። በልኩ በሚሳበው እስር ላይ፣ ኤችአር ከሆነ፣ አራት ነው የሚፈለገው። ይሄ ከሌለ ዳዶው የጥርሱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ የጠበቀ ይመስላችኋል፣ ፕሌቶቹ ግን አልተጨመደዱም።

ማታ ሳይት ስትዘጉ የተረፈውን ዳዶ መሬት ላይ አትተዉት፣ ወደ መጣበት ሳጥን መልሱት። እኔ ጋ ባለቤቱ ያልታወቀ ዳዶ የሚጣልበት አንድ ቀይ ባልዲ አለ። ከዚያ ባልዲ ለበር፣ ለአጥር፣ ለአልጋ የፈለገ ሰው ይዘግናል። ወደ ላይ ግን አንድም ዳዶ አይወጣም።